የወጥ አሠራር መጻሕፍትና የኮሶዬ ምድጃ

ምግብ እንዴት እንደሚሰናዳ የሚያስተምር መጽሐፍ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ሊመረመር ይገባዋልን የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ይገባዋል እንላለን። መጽሐፍ ኾኖ ከተጻፈ ቋንቋ አለው፤ ቋንቋ ካለው ዘንድም ለማን እንደሚናገር፥ ምን እንደሚገልጥና ምን እንደሚሰውር መጠየቅ የተገባ ነው። የቅኔ ቤት ልጆችም ከማዕድ ጋራ ዝምድና የለንም ማለት አንችልም፤ ከቅኔ ኹሉ አጭር የኾነው፥ ኹለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና ስሙን ያገኘው ከቃና ዘገሊላ ሠርግ ነውና።

ነገሩን ያስነሣው ይህ ነው። ኮሶዬ ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የወገራ ደጋ ናት። ልጆቿ ለትምህርት ወደ ጐንደር ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባም ብዙዎቹ ወደ ባሕር ማዶ ይሻገራሉ። የእናታቸው ወጥ ሲናፍቃቸው እናትዮዋ ሩቅ ናት፤ በእጃቸው የሚገባው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ የእናትን ስፍራ ሊይዝ ይችላል ወይስ አይችልም? በእነዚህ መጻሕፍት መካከል ስላለው የአጻጻፍ ልዩነት የምንነጋገረው ይህን ለመመለስ ነው። ዓመቶቹን፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ስለ ማዕድ መጻፍ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በነገሥታቱ ቤት ሥርዓተ ግብር የተባለ ጽሑፍ ነበረ። ማንፍሬድ ክሮፕ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1988 ስለዚሁ ጽሑፍ ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፥ በመካከለኛው ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት የሚገባውን እንጀራና ጠጅ፥ ከብትና ማር እየቈጠረ፥ ማን እንደሚያገባ፥ ለማንስ ምን ድርሻ እንደሚደርሰው ይናገራል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም በኛ አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት ዝክረ ነገር ስለ ቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍሎች ብዙ አቈይተውልናል። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ምን ያህል እንደ ቀረበና ለማን እንደ ተሰጠ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደ ተሠራ ለማስተማር አልተጻፈም። ጸሓፊው በአዳራሹ ቆሞ ይቈጥራል፤ ወደ ማጀት አልዘለቀም። እቴጌ ጣይቱ በ1887 በእንጦጦ ማርያም ያደረጉትን ታላቅ ግብር ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ጸሓፊ በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ውስጥ አንሥቶ፥ የአገራችን ምግብ አንድ መልክ የያዘበት ታላቅ አጋጣሚ አድርጎ ይመለከተዋል። እቴጌይቱ የስሜንና የበጌምድር ትውልድ ናቸውና የኛን አገር ሙያ ይዘው ወደ ሸዋ እንደ ወረዱ መገመት አያስቸግርም። ከድስቱ አጠገብ የቆሙት ሴቶች ለረዳቶቻቸው ይናገሩት የነበረውን ቃል ግን ማንም ቀለም አላስነካውም።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነበር። የሮማውያኑ የአፒኪዩስ መጽሐፍ ይህንንና ያንን ጨምር ይላል እንጂ በአብዛኛው ምን ያህል እንደ ኾነ አይወስንም፤ የተጻፈው ሥራውን ለሚያውቅ ወጥ ሠሪ ነውና። ወይዘሪት ኤሊዛ አክተን በ1845 በለንደን ባሳተመችው መጽሐፍ የሚያስፈልገውን ነገር ከነሚዛኑና ከነሰዓቱ ለይታ መጻፍ ጀመረች። ወይዘሪት ፋኒ ፋርመር ደግሞ በ1896 በቦስተን ተነሥታ ኩባያው ሲሞላ አፉ በቢላዋ ይስተካከል አለች፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚታተመው የወጥ መጽሐፍ ኹሉ ኩባያና ማንኪያ የሚቈጥረው የእርሷን ፈለግ ተከትሎ ነው። ኢጣልያዊው ፔሌግሪኖ አርቱዚ ግን በ1891 በገዛ ገንዘቡ ባሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን ከጨዋታ ጋራ እያዋዛ፥ አንባቢውን እንደ እንግዳ አስቀምጦ ያስተምራል። እንግዲህ አንዱ ለሚያውቅ ይጽፋል፤ አንዱ ለማያውቅ ይቈጥራል፤ አንዱ ያጫውታል። የኛም መጻሕፍት ከእነዚህ ከሦስቱ ብዙ አይወጡም።

ከቈጣሪዎቹ ልጀምር። በ1962 በስዊድን ርዳታ በሕፃናት ምግብ ጥናት ተጀምሮ በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት በ1980 የባህላዊ ምግቦቻችንን አሠራር በመጽሐፍ አወጣ። ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ዱቄት ያገኘነው ከዚሁ ቤት ሥራ ነው። የዚህ ቤት ጽሑፍ ጨዋታ የለውም፤ ደረቅ ነው። ነገር ግን ድርቀቱን አልነቅፈውም። ከምግብ ጕድለት የተነሣ ሕፃን በሚሞትበት አገር እፍኝና ጭብጥ በግራም ካልተመነዘረ ሐኪሙ ሕፃኑ ምን ያህል እንደ በላ ሊያውቅ አይችልም። የአንዷ እፍኝ የሌላይቱ እፍኝ አይደለችምና።

ከእርሱ ቀጥሎ የሚነሣው አቶ ዳንኤል ጆቴ መስፍን በቨርጂኒያ፥ ፎልስ ቸርች በተባለች ከተማ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ ተበትነው ሳሉ፥ ጤፍ በቀላሉ በማይገኝበት፥ እንጀራ ከስንዴ ዱቄት በሚጋገርበት ዘመን የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ተስፋፍቶ በታተመበት ጊዜም 178 የተፈተኑ የምግብ አሠራሮችንና ምግቡ በውስጡ የያዘውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዟል። በስደት ያለ ሕዝብ ጽላቱንና መጽሐፉን ይዞ እንደሚሄድ ኹሉ ድስቱንም ይዞ ለመሄድ ያደረገው ሙከራ ነውና ክብር ይገባዋል። ብዙ ቤት በዚህ መጽሐፍ ዶሮ ወጥ ሠርቷል።

ታዲያ የዚህን ስልት መጽሐፍ ወደ ኮሶዬ ስናመጣው ምን ይኾናል? በዚያች አገር በሙያዋ የተመሰገነች አንዲት እናት አለች። ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት በአንዱ ያለውን የቁሌት አሠራር ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላት። ሽንኩርቱ ይህን ያህል ደቂቃ ይብሰል ከሚለው ስደርስ አቋረጠችኝ።

«የኔታ፥ እሳቱ የምን እሳት ነው? የባሕር ዛፍ ነው ወይስ የኩበት?»

«አይናገርም፥ እናቴ።»

«ሽንኩርቱስ ሽታው ተለውጧል? ውሃውን ጨርሷል?»

«እሱንም አይናገርም።»

«እንግዲያ የጻፈው ሰው ድስቱን አላየውም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፍርዱ ከባድ ነው፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አልስማማበትም። «ሽታው ሲለወጥ» የሚለው ቃል ሽታውን ለምታውቅ ሴት ምልክት ነው፤ በልጅነቷ ከእናቷ ጓዳ ለወጣች ልጅ ግን ባዶ ቃል ነው። ለማያውቅ ሰው ቍጥር ምርኵዝ ይኾነዋል። በቅኔ ቤትም ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማራው ወደ ቈጠራ ነው፤ ቤቱን ይቈጥራል፥ ቃሉን ይመጥናል፥ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። ዘረፋ፥ ማለት ሳይሰናዱ በጉባኤ መካከል ቆሞ ቅኔ ማፍሰስ፥ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። እናትዮዋ ዘራፊ ናት፤ መጽሐፉ ገና ለቈጣሪ የተጻፈ ነው። ጉድለቱ መቍጠሩ አይደለም። ከቈጠረ በኋላ ወደየት እንደሚደረስ አለመናገሩ ነው። የቅኔ መምህር ተማሪውን አምስት ቤት ቍጠር ብሎ ብቻ አይተወውም፤ ይህ ሰም፥ ይህ ወርቅ፥ ይህም ኅብሩ ብሎ ያሳየዋል።

የእናትዮዋ ጥያቄ ሌላም ምክንያት አለው፤ ይህንን በሰፊው ልናገረው እወዳለሁ፥ ከተማሩት ወገኖች እንኳ ብዙዎች ልብ አይሉትምና። በባሕር ጠለል ላይ ባለ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታው በጨመረ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳና ውሃውን የሚጫነው ኀይል ስለሚቀንስ የመፍያው ልክ ይወርዳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጐድላል። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው በጐንደር ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወደ 2,800 ሜትር በምትቀርበው በኮሶዬ ደግሞ በ91 ገደማ ይንተከተካል፤ እንጨት ቢከምሩበትም ክዳኑ እስካልታፈነ ድረስ ከዚያ በላይ አይግልም። ፈላ ማለት ጋለ ማለት አይደለም። ስለዚህ በቨርጂኒያ ወይም በለንደን በአንድ ሰዓት የሚበስለው ሽንብራ በኮሶዬ ጥርስ ይሰብራል። ባቄላውም አተሩም እንዲሁ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈውን ሰዓት አክብራ ያወጣችው ሙሽራ በአማቷ ፊት ብታፍር ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

ሊጡም እንደዚሁ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ኾነ ብርድ ያዘገየዋል። በቆላ በኹለት ቀን የሚቦካው ሊጥ በወገራ ብርድ ሦስት ቀንም አራትም ሊፈልግ ይችላል። የኮሶዬ ሴት ቀኑን አትቈጥርም፤ በሊጡ ላይ የጠለለውን ውሃ ታያለች፥ ታሸተዋለች፥ ውሃውን ቀድታ ታወጣለች፥ ከሊጡም ጥቂት ወስዳ በውሃ አፍልታ አብሲቱን ትመልስበታለች፥ እንደ ገና ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። ደግሞም በደጋው የሚጋገረው ዘወትር ጤፍ አይደለም፤ ገብስ አለ፥ ከገብስ ጋራ የተቀላቀለም አለ፥ የገብስ ዐይን እንደ ጤፍ ዐይን አይወጣም። ስለ እንጀራ ዐይን ሲጽፉ የጤፉን ብቻ ልክ አድርገው የሚያቀርቡ መጻሕፍት የወገራን ሴት ያለ ጥፋቷ ሙያ ቢስ ያደርጓታል።

ከሚያጫውቱት ወገን ደግሞ በ2018 በለንደን የታተመው የአቶ ዮሐንስ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ አለ። ጸሓፊው በፈረንሳይ አገር፥ በሊዮን፥ በፖል ቦኩዝ ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጥ ሠሪ ናቸው፤ በቴሌቪዥንም ሲያስተምሩ ብዙ ሰው አይቷቸዋል። ጄፍ ኬለር የተባለ ጸሓፊ አግዟቸዋል፥ ፎቶግራፉን ፒተር ካሲዲ አንሥቷል። መጽሐፉ ያማረ ነው። አገሩን፥ ገበያውን፥ በዓሉን ከምግቡ ጋራ አያይዞ ስለሚናገር አንባቢው ድስት ሳይጥድም ያነበዋል። የውጭ አገር ሰው የኛን ማዕድ አክብሮ እንዲያይ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ብለው ማጋነን አይኾንብኝም።

ቢኾንም የዚህ ስልት መጻሕፍት ኹሉ አንድ የጋራ ድካም አለባቸው። ሥዕላቸው የሚያሳየን ይልቁንም ያለቀለትን ምግብ ነው፤ ሥራ ላይ ያለችው እጅ ጥቂት ናት። በእውነት ሥዕል የሚያስፈልገው የት ነበር? ዶሮን ውሰዱ። በኛ ሥርዓት ዶሮ በዐሥራ ኹለት ብልት ይወጣል፤ መገጣጠሚያው የት እንደ ኾነ ቢላዋው ማወቅ አለበት፤ እያንዳንዱም ብልት ለማን እንደሚቀርብ የታወቀ ነው። ይህንን በቃል ብቻ ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል፤ በዐሥራ ኹለት ሥዕል ግን አንድ ገጽ ይበቃዋል። በውጭ አገር ግን እግሩ ለብቻው፥ ደረቱ ለብቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ መጽሐፍ ጸሓፊ ኹሉ ይህን ነገር ለመዝለል ይፈተናል። በተዘለለም ቍጥር አንድ ትውልድ ሙያውን ያጣል። ዛሬ በስልክ መስኮት ባማርኛ የሚያስተምሩት ሴቶች በዚህ ከመጽሐፉ ይበልጣሉ፤ እጃቸው ይታያልና። ነገር ግን እነርሱም ቢኾኑ ሽታውን አያሻግሩልንም፥ ሊጥ በነካ ጣትም መስኮቱን ወደ ኋላ መመለስ ሥቃይ ነው።

በነገር ላይ፥ ስለ ክትፎና ስለ ጥሬ ሥጋ እያሳመሩ የሚጽፉ ኹሉ ስለ ኮሶ አንድ ዐረፍተ ነገር ሊጨምሩ ይገባቸው ነበር። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ የሚበሉትን ያህል በየጊዜው የኮሶን አበባ ወቅጠው ይጠጡ ነበር፤ ያ መራራ ጽዋ የማዕዱ ክፍል ነው። ይህን ሳይናገሩ ሥጋውን ብቻ ማወደስ ለባለቤቱም ለእንግዳውም አይበጅም፤ በስሟ ኮሶን የምታስታውስ አገር ሰዎችም ይህን ብናስብ አያስገርምም።

ኪቲ በርንስ የምትባል አሜሪካዊት በ2015 ያሳተመችው ስለ ጤፍ ፍቅር የሚል ትርጓሜ ያለው መጽሐፍ ሌላ ነው። ጸሓፊዋ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ፈጽሞ ለማይበሉ ሰዎች ትጽፋለች። እኛም ካህናቱ በዓመት 250 ያህል ቀን፥ ሕዝቡም ሲያንስ 180 ያህል ቀን የምንጾም ነንና ሳታስበው ለኛ ጽፋለች። በቅቤ ፈንታ ቅመም የገባበት ዘይት ታዘጋጃለች፤ የጾምን ወጥ የፍስክ ወጥ ጥላ ሳታደርግ ራሱን እንደ ቻለ ምግብ ታከብረዋለች። ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከራሳችን ሰዎች እንኳ የጾም ምግብን የጐደለበት አድርገው የሚያዩ ብዙ ናቸውና። የሚለየን የጊዜው ነገር ነው። በእርሷ መጽሐፍ ምግቡ ዓመቱን ኹሉ አንድ ነው፤ በኛ ግን ጾሙ ይገባል፥ ይወጣል። በሑዳዴ 55 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት ማጀትና የመጨረሻው ሳምንት ማጀት አንድ አይደሉም። ስልጆን እንይ፦ የባቄላ ዱቄትና ሱፍ ተፈልቶ፥ ሰናፍጭ ገብቶበት፥ ቦክቶ የሚበላ ነው። ጾሙ ሳይገባ ያልታሰበበት ስልጆ ይዘገያል፤ በኮሶዬ ብርድ ደግሞ እጅግ ይዘገያል። እንግዲህ ለኛ የሚኾን መጽሐፍ ባሕረ ሐሳብን ያወቀ መኾን አለበት፤ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይኾን መቼ እንደሚጀመር ሊናገር ይገባዋል።

እንዴት ያለ መጽሐፍ ይጻፍ ለሚለኝ፥ አብነቱ በቤታችን አለ እላለሁ። የጐንደር ሊቃውንት ቅዱሳት መጻሕፍትን የተረጐሙበት ስልት የታወቀ ነው፦ ንባቡ አንድ ኾኖ ይቀመጣል፥ ከዚያም «አንድም» እየተባለ ሌላው መንገድ ይከተላል፤ ላይ ቤት እንዲህ ይላል፥ ታች ቤት እንዲህ ይላል፥ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የወጥ መጽሐፍም እንዲህ ቢጻፍ ምን ይከለክለዋል? ለምሳሌ ያህል፦

«ሽሮውን በፈላው ቁሌት ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነስሽ አማስዪ፤ ሲንተከተክ እሳቱን አብርጂ። አንድም፥ በደጋ ላለች፦ ፈላ ብለሽ አትቸኵዪ፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪለቅ፥ ዘይቱም ከላይ እስኪታይ ይቈይ፤ ምክንያቱም የደጋ ውሃ ሲፈላም ሙቀቱ ያነሰ ነው። አንድም፥ ኩበት ለምታነድ፦ እሳቱ ዝግ ያለ ነውና ክዳኑን አታብዢ አትክፈቺ። አንድም፥ በባሕር ማዶ በጋዝ ምድጃ ለምትሠራ፦ እሳቱ ሳያቋርጥ ስለሚነድ ሥሩ እንዳይዝብሽ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እዪው። አንድም፥ ለፍስክ፦ ቅቤውን ስታወርጂ ጨምሪ።»

እዚህ ላይ ቍጥርም አለ፥ ምልክትም አለ፥ ምክንያትም አለ። ቍጥሩ ለጀማሪዋ ነው፥ ምልክቱ ለባለሙያዋ ነው፥ ምክንያቱ ግን ለኹለቱም ነው፤ ምክንያቱን ያወቀች ልጅ ከኮሶዬ ወደ ቋራ ብትወርድ፥ ከቋራም ወደ ዋሽንግተን ብትሻገር ራሷ አዲስ «አንድም» ትጨምርበታለች። ሥራው ግን የአንድ ጸሓፊ ብቻ አይደለም። ከላይ ካነሣኋቸው ያገራችን መጻሕፍት ኹለቱን ያወጡት ወንዶች መኾናቸውን አንባቢ ሳይመለከተው አይቀርም፤ በቀደመው ልማዳችን ወንድ ማጀት አይገባም ነበርና ይህ ራሱ ያስደንቃል። አኹን የሚያስፈልገው ጸሓፊው ገብቶ ከድስቱ አጠገብ ብራናውን ዘርግቶ መቀመጡ፥ ባለሙያዋም እየሠራች ማስነገሯ ነው። የሚያውቁት እናቶች ሸምግለዋል። ልጆቻቸው ርቀው ያሉት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መጥተው ከጓዳ አይቀመጡም።

እስከዚያ ድረስ ለሚገዛ ሰው የምለው ይህ ነው። ልጁ በባሕር ማዶ ላለችበት ወላጅ የአቶ ዳንኤል መጽሐፍ ይሻላል፤ ብዙ ይዟል፥ ለብቻዋ ለቆመች ልጅም ይታመናል። የውጭ አገር ወዳጅ ያለው የአቶ ዮሐንስን ቢሰጠው ያስመሰግነዋል። በጾም ቅቤውን ትቶ የወጡን ጣዕም ላለማጣት የሚሻ የኪቲ በርንስን ይይ። ነገር ግን የትኛውም መጽሐፍ ወደ ወገራ በመጣ ጊዜ በእርሳስ ይነበብ፤ ሽንብራና ባቄላ በሚልበት ገጽ ኅዳግ ላይ በራስ ምድጃ የፈጀው ሰዓት፥ ሊጥ በሚልበትም የቦካበት ቀንና ወሩ ይጻፍ፤ በሐምሌና በመጋቢት የሚቦካበት ጊዜ አንድ አይደለምና።